ማንም የማይመርጠው ቁጥር

እናቴ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «ኮምፒዩተር ላይ ናት» ትላለች። ልክ ነው። ፔታህ ቲክቫ ከተማ፣ ፋብሪካዎቹ ካሉበት ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ እውላለሁ። የምንሠራው ፕሮግራም የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሰው በስልኩ ወደ ክሊኒኩ መዝገብ ሊገባ ሲፈልግ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይልክለታል። ሰውየው ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይገባል፣ ቁጥሩም እዚያው ይሞታል። ይኼን ስሠራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ሠርግ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ረዘም አድርጌ ለመናገር ሞክሬ አውቃለሁ፤ አይረዝምም።

እናቴ የምትኖረው ሃዳር ጋኒም ነው፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። እኔ ከባሌና ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር ክፋር ጋኒም ነኝ። እሷ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ክዳን ስትለይ ኖራ ፔንሲያ፣ ጡረታ ማለት ነው፣ ወጣች። ዕብራይስጥ ማንበብ አልተማረችም። አኃዝ ግን አሳምራ ታነባለች፤ ካርቶኖቹ ላይ ቁጥር ስለነበር ፋብሪካው እሱን አስተማራት። ኋላ ኩፓት ሆሊም፣ ማለትም የጤና ክሊኒኩ፣ ቀጠሮ መስጠቱን ከመስኮት ወደ ስልክ ሲያዞረው፣ ይህች አኃዝ ማንበብ እናቴን በሕንፃው ውስጥ ትልቅ ሰው አደረገቻት።

የልዩ ሐኪሞች ቶር የሚከፈተው እሑድ ጧት በአንድ ሰዓት ነው፤ እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው። ቶር ማለት ተራ ነው፤ እኛ ቤት ግን ተራ የሚል ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እሑድ እሑድ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ የጎረቤቶቿ ስልክ እናቴ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ አምስት። የሴቶቹን መታወቂያ ቁጥር ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። የማንኛዋ ስልክ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው በሽፋኑ ነው። ባለ አበባው የምድር ቤቷ ነው፤ የተሰነጠቀው የጎንዮሿ።

ሰማያዊው የእትየ ነው። እትየ ከእናቴ በላይ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ከእሷ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ሴት ናቸው። እናቴ እትየ ትላቸዋለች፤ እኔም እሷን ሰምቼ እትየ አልኳቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ በእጃቸው ግድግዳውን፣ በእግራቸው ደረጃውን እየዳሰሱ ነው። ሐኪሟ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ብላ ደብዳቤ ከጻፈችላቸው ቆይቷል፤ የቀረው ከዓይን ስፔሻሊስቱ ዘንድ ቶር ማግኘት ነበር። እናቴ ስትከታተል ከርማ፣ በዚያች እሑድ አዲስ ቀናት እንደሚከፈቱ ከክሊኒኩ ጸሐፊ ሰማች። ፋሲካ ገና ማለፉ ነበር።

በዚያች እሑድ እናቴ የእትየን ስልክ ከሁሉ አስቀድማ አነሳች። መታወቂያ ቁጥሩን ጻፈች፣ ኮድ ላኩልኝ የሚለውን ተጫነች። አልመጣም። ጠበቀች፣ አሁንም አልመጣም። እንደገና ተጫነች። ይኼን ጊዜ የመጀመሪያው ቁጥር መጣ። ጻፈችው፤ ስህተት ነው አላት። ሁለተኛውን በጠየቀችበት ቅጽበት የመጀመሪያው ሞቷልና። ይህን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ተጫነች፤ ሁለተኛው መጣ፤ እሱም ሞቷል። አራተኛ ተጫነች፤ ሦስተኛው መጣ። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ለአንድ ሰዓት ይዘጋበታል። ይህን ሕግ የጻፈው ሌላ ሰው ነው።

ሰዓቱ ሞልቶ ሲከፈትላት የዓይን ሐኪሙ ቀናት አልቀዋል። የቀረው ከመስከረም በዓላት በኋላ ነበር፤ እሱም በሌላ ከተማ። እትየ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሲሰሙ ነበር። ግድ የለም አሉ፤ ሰማያዊውን ስልክ ተቀብለው ደረጃውን እየዳሰሱ ወጡ። በሚቀጥለው እሑድ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ምራታቸው ከርሖቮት መጥታ ወስዳዋለች፤ ከእንግዲህ እኔ እሞክርላቸዋለሁ ብላ። እናቴ አልከፋኝም አለች። ሳልጠይቃት ሦስት ጊዜ አለችው።

እናቴ የሥራ ሰዓት ላይ ደውላልኝ አታውቅም። በፋብሪካዋ ዘመን ስልክ የሚደወለው ሰው ሲሞት ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስትደውል ከስብሰባ ተነሥቼ ወጣሁ። ማንም አልሞተም ነበር።

«ያን ቁጥር የሚመርጠው ማነው?» አለችኝ።

ማንም እንደማይመርጠው፣ ማሽኑ እንዲሁ በዕጣ እንደሚያወጣው ነገርኳት።

«ማንም?»

«ማንም፣ እማየ።»

«ማንም ካልመረጠው ለምን ይቆያል?»

አያለሁ አልኳት። በሰደር፣ እሺ ማለቷ ነው፣ አለችና ዘጋችው። ወደ ስብሰባው ተመለስኩ፤ ስለ አዲሱ አርማ ቀለም እያወሩ ነበር።

ጥያቄዋ መልስ የሌለው መሰለኝ እንጂ መልሱን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ቁጥሩን ማንም ሊገምተው አይገባም። የዛሬውን አይቶ የነገውን የሚያውቅ ሰው ከተገኘ የሁሉንም መዝገብ ይከፍታል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ ዕጣ አውጪ አለ። ዕጣ አውጪው ኦብጀክት የምንለው ነው፤ በኮምፒዩተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ተሠርቶ የራሱን ምስጢር ይዞ የሚቀመጥ ቁራጭ። ሲፈጠር ከማሽኑ ሆድ ዘር ይወስዳል፤ ከዚያች ዘር ቁጥሩን ያበቅላል። የእኛው ፕሮግራም ታዲያ ሰው ኮድ በጠየቀ ቁጥር አዲስ ዕጣ አውጪ ይፈጥራል፣ አንድ ቁጥር ያስወጣዋል፣ ይጥለዋል። ለሚቀጥለው ሰው ደግሞ ሌላ። ቀን ቀን ይህ አይታወቅም። እሑድ ጧት በአንድ ሰዓት ግን አገር ሙሉ እናት ባንድ ጊዜ ትጫናለች።

የቡድናችን አለቃ ከጊቫት ሽሙኤል በብስክሌት የሚመጣ፣ ቆቡን ሳያወልቅ የጧት ስብሰባ የሚጀምር ሰው ነው። ነገርኩት። ከክሊኒኩ ጋር ያለን ውል ኮዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይድረስ ነው የሚለው፣ እየደረሰ ነው፣ በሰደር ነው አለኝ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰው ሦስት ጊዜ እንደሚጫን ነገርኩት። አይጫኑ አለ። ቀጥሎም ትርፍ ጊዜ ካለሽ እይው አለኝ። ትርፍ ጊዜ አልነበረኝም፤ አየሁት።

መጀመሪያ የያዝኩት የተሳሳተውን ነው። ዘሩን ነው የጠረጠርኩት። ማሽኑ ዘር እስኪሰበስብ የሚቆይ መሰለኝ፤ መጻሕፍቱም እንዲያ ይላሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘር የሚቀዳበትን ቦታ ስለዋውጥ ከረምኩ። ከዚህ ቀዳሁ፣ ከዚያ ቀዳሁ፣ አስቀድሜ አጠራቅሜ አየሁ። በየጊዜው መለካት ነበረብኝና ለካሁ፤ ምንም አልተለወጠም። ሥራዬን ለባሌ ስነግረው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ እንዳይ ጠየቀኝ፤ ውኃው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው አለ።

ከዚያ ቀላሉ መንገድ ታየኝ። ለምን በየጊዜው እንፈጥራለን? አንድ ዕጣ አውጪ ፈጥረን ብናስቀምጠው፣ ለሁሉም እሱ ቢያወጣስ? ብዙ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። ፕሮግራሙን ከፍቼ ቦታው ጋ ስደርስ ግን በላዩ የተጻፈ ማስታወሻ አገኘሁ። «በየጊዜው አዲስ። አትንኩ።» ይላል። የጻፉት ሰው ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ነው የሚቀመጡት።

እኚህ ሰው ከሶቪየት አገር የመጡ፣ ቡድኑ ውስጥ በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጡ መሐንዲስ ናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ፔንሲያ ሊወጡ ነበር። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ አፌ አንተ ሲላቸው ልቤ አንቱ ሲል ቆይቷል። በአማርኛ ስጽፍ ዕዳዬን እየከፈልኩ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ሻይ የሚጠጡበት ብርጭቆና አንድ እርሳስ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ሰው ሲያናግራቸው መጀመሪያ ብርጭቆውን ከቦታው ያነሣሉ፤ ሰው ይደፋብኛል ብለው ይሁን እንጃ።

ሐሳቤን ነገርኳቸው። ብርጭቆውን አነሡ። አይሆንም አሉ። ለምን አልኳቸው። ወንበር ሳቢ አሉኝ፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ወንበር ሳቢ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

እዚህ ከመምጣታቸው በፊት ሌላ ቦታ ሲሠሩ፣ እሱም የሕመምተኞች መዝገብ ነበረ አሉ። ያኔ አንድ ዕጣ አውጪ ፈጥረው አስቀመጡ፤ እሳቸው ናቸው የጻፉት፤ ደስ ብሏቸውም ነበር፤ ፈጣን ነው። አንድ ቀን ሥራ ሲበዛ ከሥራ ባልደረቦቻቸው አንዱ ማሽኑን እንዳለ ገልብጦ ሁለተኛ ማሽን አስነሣ። ማሽኑ ሲገለበጥ ዕጣ አውጪውም ተገለበጠ፤ ምስጢሩም አብሮ። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ቁጥር አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር። እዚያ መዝገቡ የሚከፈተው ያለ መታወቂያ፣ በቁጥሩ ብቻ ነበር፤ እናም አንድ ሰው ቁጥሩን ጽፎ ሲገባ የገባው የሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ሆነ። የማያውቃት ሴት ናት። የምርመራ ውጤቷ ዕለቱን ገብቶ ነበር፤ ሐኪሟ ገና አላየውም፤ እሷም አልሰማችም። ሰውየው ግን አነበበው።

«ምን አደረገ?» አልኳቸው።

«ስልኳ መዝገቡ ላይ ነበር። ደወለላት። እመቤቴ፣ በስህተት የአንቺን አየሁ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም ሂጂ አላት።»

ብርጭቆውን መልሰው አስቀመጡ።

«በሽታዋን ከማታውቀው ሰው ሰማች፤ አውቶቡስ ላይ ቆማ። እሱ ደግ ሰው ነበር። ክፉ ቢሆን ዝም ይል ነበር። የእኔ ጥፋት ነበር» አሉ።

ሴትየዋ ምን እንደሆነች አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩም። ወንበሩን መለስኩ። አትንኩ የሚለውን አልነካሁም።

በሚቀጥለው ቀን አውቶቡስ ላይ የእናቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ማንም ካልመረጠው ለምን ይቆያል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ ነበር ያየሁት። ማውጣቱ ግን ለካ ምንም ጊዜ አይወስድም፤ ይህን ከመጀመሪያው ለክቼ ጽፌው ነበር፣ አላነበብኩትም። ቢሮ ገብቼ ሌላ ዓይነት መለኪያ አስነሣሁ፤ ሥራ በበዛበት ሰዓት እያንዳንዱ ጥያቄ የት ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚያሳይ። አየሁት። ሁሉም ቆመው የሚጠብቁት አንድ በር ላይ ነው፤ በሩም ከዕጣ አውጪው በፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፕሮግራማችን ለብዙ ደንበኞች ስለሚሠራ፣ የትኛው ደንበኛ የትኛውን ዓይነት ዕጣ አውጪ እንደተፈቀደለት የሚናገር ዝርዝር አለ። አዲስ ዕጣ አውጪ ለመፍጠር መጀመሪያ ዝርዝሩ ይከፈታል፤ ስሙ ከላይ ወደ ታች በፊደል በፊደል ይፈለጋል፤ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ይህ ዓይነት እንዴት ነው የሚሠራው ተብሎ መሥሪያው ይፈለጋል። ይህ ሁሉ ፍለጋ የሚደረገው አንድ በአንድ ነው፤ ዝርዝሩን አንዱ ሲያይ ሌላው ውጭ ይቆማል። መልሱ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው። ትናንትም ያው፣ ዛሬም ያው። አንድ የበር ጠባቂ በየቀኑ የሚመጣን ሠራተኛ በየቀኑ መዝገብ ገልጦ ስሙን ከመጀመሪያው ገጽ እንደሚፈልግ ያለ ነው፤ ከኋላው ሰልፉ መንገድ ደርሶ።

ታዲያ የሚያስፈልገው ዕጣ አውጪውን ማስቀመጥ አልነበረም። የሚያስፈልገው ፍለጋውን ማስታወስ ነበር። አንዴ ፈልጎ ያገኘውን ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ለመጣ ሁሉ በቀጥታ አዲስ ይፍጠርለት፤ እያንዳንዱም የራሱን ዘር ከማሽኑ ይውሰድ። የሰውየው ሕግ አልተነካም። መጻፉ አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደብኝ። ጥቂት መስመር ናት። እንዲያ ጥቂት ስለሆነች ሁለት ሳምንቱን ለማንም አልነገርኩም።

የጻፍኳቸውን መስመሮች መሐንዲሱ እንዲያዩልኝ ላክሁላቸው። አራት ቀን አነበቡት።  በአምስተኛው ቀን በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ «ዝርዝሩ መሀል ላይ ቢለወጥስ?»

አላሰብኩበትም ነበር። አንድ ደንበኛ የሚጠቀምበት ዕጣ አውጪ ጉድለት ተገኝቶበት ከዝርዝሩ ቢወጣ፣ እኔ የጻፍኩት የድሮውን መልስ ይዞ፣ የተከለከለውን እየፈጠረ ይቀጥላል። ማንም ሳያውቅ፣ በጣም በፍጥነት።  አስተካከልኩት፤ ዝርዝሩ በተነካ ቁጥር የተያዘው መልስ እንዲጣልና ፍለጋው እንደ አዲስ እንዲደረግ። መልሼ ሰጠኋቸው። ያን ቀን ከጠረጴዛቸው ሳልሄድ ቆሜ፣ ይህን ሁሉ ለምን እንደጀመርኩ ነገርኳቸው። እናቴን፣ ስልኮቹን፣ የእትየን ዓይን።

«ይኼን ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?» አሉኝ።

የቴክኒክ ነገር ስላልሆነ ነው አልኳቸው።

«የእኔስ የቴክኒክ ነበር?» አሉ።

ቀጥሎ በሁለት ማሽን ላይ፣ አንዱን ከሌላው ገልብጠው፣ ቁጥር እያስወጡ ሲያወዳድሩ ሰነበቱ። ተመሳሳይ አላገኙም። በሦስተኛው ቀን ብርጭቆውን ሳያነሡ «ይሄዳል» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ምርቃት ነው።

ለውጡ የወጣው በሳምንቱ መሀል ነበር፤ እሑድ ሲደርስ ግን አለቃችን ከብስክሌቱ ወርዶ የመለኪያውን ሰሌዳ አየና ደነገጠ። ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ እንደ ተራራ የሚወጣው የመዘግየት መስመር መሬት ላይ ተኝቷል። መለኪያው ተበላሽቷል አለ። መለኪያውን ለሚጠብቀው ክፍል የብልሽት ማመልከቻ ጻፈ። እነሱም በማግስቱ መርምረው መለኪያው ደህና ነው ብለው መለሱ። እንግዲያው ሰዎቹ መጠየቅ አቁመዋል ማለት ነው አለ። አልጠየቁም ወይ ብሎ ቆጠረ፤ ጠይቀዋል። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አንቺ ነሽ እንዴ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ያላ፣ ጥሩ አለና ስለ አርማው ቀለም ጠየቀኝ። አረንጓዴው ይሻላል አልኩ።

እናቴ በዚያው እሑድ ጧት ደውላ ነበር። በሥራ ሰዓት ስትደውል ሁለተኛዋ መሆኑ ነው።

«ሌባ ገብቷል» አለች።

ምን ሆነሽ ብላት፣ ኮድ ላኩልኝ ከሚለው ላይ ገና ጣቷን ሳታነሣ ቁጥሩ መጣ። ይህ ደግሞ ሆኖ አያውቅም። የጡረተኞች ክበብ ውስጥ ፖሊስ መጥቶ አስተምሯቸው ነበር፤ ሳትጠብቁት የሚመጣ መልእክት የአጭበርባሪ ነው፣ እንዳትነኩት ብሎ። እናቴም አልነካችውም። የአምስቱንም ስልክ ዘግታ ፎጣ ሸፍናባቸው ተቀምጣለች።

ፈጣን ያደረግሁት እኔ ነኝ አልኳት። 

«አንቺ?»

«እኔ፣ እማየ። ጠይቀሽኝ አልነበር።»

«እኔ የጠየቅኩት ለምን ይቆያል ብዬ ነው። አፍጥኚው አላልኩሽም» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ለፖሊሱ ንገሪው» አለችኝ። በስልክ አላመነችኝም። ከሥራ አስፈቅጄ በአውቶቡስ ሃዳር ጋኒም ሄድኩ፤ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ፎጣውን ገልጬ፣ በእሷው ስልክ ሦስት ጊዜ ተጫንኩ። ሦስቴም ወዲያው መጣ። መነጽሯን አድርጋ አየችው። አራተኛውን ራሷ ተጫነች። ከዚያ ተነሣች፣ ነጠላዋን ከወንበሩ አንሥታ ለበሰች፣ ወጣች። የሄደችው ወደ ላይ ነው።

ተከተልኳት። ከዚያች እሑድ ወዲህ የእትየን በር አንኳኩታ አታውቅም፤ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ያልፋሉ። እትየ በሩን ከፈቱ። ማን እንደሆነ በዓይናቸው ስላልለዩ እጃቸው መዝጊያው ላይ እንዳለ ቆሙ። እናቴ ሰላምታም አላቀረበች።

«ስልክሽን አምጪ» አለቻቸው።

እትየ ግን፣ ምራቴ የያዘችልኝ አለ፣ ከበዓላት በኋላ ነው፣ ሩቅ ነው አሉ። እናቴ እንደዚያው ቆማ እጇን ዘረጋች። እትየ ገብተው ሰማያዊውን ስልክ ይዘው ወጡ።

እዚያው በር ላይ ቆማ ነው የሠራችው። አዲስ ቀን አልነበረም፤ ሰው የሰረዘው ግን ይኖራል፤ የተሰረዘ ቶር ደግሞ ለቀደመ ነው። ቁጥሩ መጣ፣ ገባች፣ አልነበረም። ወጣች። ከሰዓት በኋላ እንደገና፤ በነጋታው እንደገና። እኔ በሥራዬ፣ እሷ በደረጃው ላይ። ረቡዕ ዕለት እዚሁ ፔታህ ቲክቫ አንድ ሰው ሰርዞ ኖሮ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሆነ ቀን አገኘች። እትየን ሄዳ ነገረቻቸው። ተቃቅፈው አለቀሱ ብል ደስ ባለኝ፤ የሆነው ግን እትየ የአውቶቡሱን ቁጥር ጠየቋት፣ እናቴም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው መሐንዲስ በበጋው መጨረሻ ፔንሲያ ወጡ። ቢሮ ውስጥ ኬክ ቆረጥን። አለቃችን ንግግር አደረገ፤ ስለ ታማኝነት፣ ስለ ጽናት። እሳቸው ንግግር አላደረጉም። ብርጭቆአቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥተው የሴትዮዋ ዓይን እንዴት ሆነ አሉኝ። አንዱ ተሠርቷል፣ ገና አጥርቶ አያይም፣ ሁለተኛው በሚቀጥለው ወር ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አትንኩ የምትለዋን ማስታወሻ ልተዋት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንቺ ታውቂያለሽ አሉኝ። ተውኳት። ከሥሯ የዝርዝሩ ነገር ምን እንደሆነ ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ስሜን አልጻፍኩም።

እትየ ሁለተኛውን ዓይን ሲያሠሩ አብራቸው የሄደችው እናቴ ናት። ምራታቸው ሥራ ነበራት። ሆስፒታሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጠብቃ፣ እጃቸውን ይዛ፣ በታክሲ መልሳ አመጣቻቸው። ጠብታውን በየሰዓቱ እየወጣች ጨመረችላቸው። ሐኪሙ መሸፈኛውን አንሺ ባላት ቀን እሷው አነሣችላቸው፤ ጧት ነበር፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ፀሐዩ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። እትየ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ፣ ጨፍነው ከፈቱ። መስኮቱን አዩ። ግድግዳውን አዩ። ቀጥለው እናቴን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አንቺ ለካ እንዲህ አርጅተሻል» አሏት።

እናቴ ይህንን የነገረችኝ በስልክ ነው፤ የሥራ ሰዓት ላይ። ተቀይማለች። ታዲያ ምን አልሻቸው አልኳት።

«ምን እላታለሁ» አለች። «ዓይንሽ ድኗል አልኳት።»